ምንም አይታይም

ለባቲላሜ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። መኪናው በሩ ተጨምድዶ፣ ፓራፋንጎው ወደ ጎማው ገብቶ ይመጣል። ከሳምንት በኋላ ባለቤቱ ዙሪያውን እየዞረ ያያል፣ ጎንበስ ብሎ በብርሃኑ አቅጣጫ ይቃኛል፣ በመዳፉ ይዳብሳል። ከዚያ «ምንም አይታይም!» ይላል። ባቲላሜው ደስ ይለዋል። ያ ሁሉ መዶሻ፣ ያ ሁሉ ላብ እንዳልነበረ ሆነለት ማለት ነው።

ነገሩን ቆም ብዬ ሳስበው ይገርመኛል። ሰዓሊ ሥዕሉ ላይ ይፈርማል። ደራሲ ስሙን ሽፋኑ ላይ ያወጣል። እኔ በምሠራበት የሶፍትዌር ሙያ እንኳ ማን የትኛዋን መስመር መቼ እንደቀየረ ጊት አንድ በአንድ ይመዘግባል። ባቲላሜ ግን የሚከፈለው ዱካውን እንዲያጠፋ ነው። ዱካ ለማጥፋት ገንዘብ የሚቀበል ሌላ ማን እንዳለ አስቡ፤ ዝርዝሩ ብዙም አያኮራም።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የተጎዳ ነገር ተጠግኖ እንዳልተጎዳ ሲመስል፣ ውስጡ ውሸት አለ?

«አዎ፣ አለ» የሚሉ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ራት ሮድ የሚባል መኪና ይሠራሉ። ሥሩ ሆት ሮድ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ፣ በተለይ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ወጣቶች አሮጌ ፎርዶችን በርካሽ ገዝተው ፓራፋንጎውን ያወልቁ፣ ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ ያደርጉ፣ የተሻለ ሞተር ይገጥሙና ይሽቀዳደሙ ነበር። እያደር ግን ሆት ሮድ ራሱ የባለሀብት ጨዋታ ሆነ፤ መስታወት የመሰለ ቀለም፣ ክሮም፣ ለትርኢት ብቻ ከተጎታች ላይ የሚወርድ መኪና። ራት ሮድ ለዚያ የተሰጠ መልስ ነው። ዝገቱ ይታይ፣ የብየዳው ጠባሳ ይታይ፣ ከአምስት መኪና የተለቃቀመ መሆኑም ይታይ ባዮች ናቸው። ቤታቸው ጓሮ ይሠሩታል፣ እንደሠሩትም ይነዱታል።

ጓደኛዬ ዩቲዩብ ላይ በዚህ ነገር ፍቅር ወደቀ። ገንዘብ አዋጥተን አንዲት የሞተች ቮልስ ገዛንና ቤተሰቦቹ ግቢ ውስጥ አቆምናት። ቮልስ ለዚህ ጨዋታ ትመቻለች። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ገላዋ ራሱ ከታችኛው ወለል ላይ በብሎን ይነሳል። የመጨረሻዋ በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተች፣ መለዋወጫዋ ከሶማሌ ተራ ጠፍቶ አያውቅም። ለገላዋ ሥራ ደግሞ የሰፈራችን ባቲላሜ ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ጋሼ የራት ሮዱን ሐሳብ ሰምተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እና ስትጨርሱ እንዳልጨረሳችሁ እንዲመስል ነው የምትፈልጉት?» አሉ።

ክርክሩ እዚያ ጀመረ። ግን ክርክሩን ለመረዳት ላሜራ ሲመታ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትሰልቹ።

«ብረትን እንደጋለ» የሚለው አባባል ባቲላሜን አያውቅም። ባቲላሜ አብዛኛውን ጊዜ የሚመታው ቀዝቃዛ ብረት ነው። የመኪና ገላ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ጥንካሬው የሚመጣው ከቅርጹ ነው። ጠፍጣፋ ላሜራ ይወዛወዛል፤ ያው ላሜራ ትንሽ ጎበጥ ሲል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቮልስ እንቁላል የመሰለችው ለውበት ብቻ አይደለም።

ኢንጂነሪንግ የተማረ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ግራፍ አለ። ብረትን ትንሽ ስትስበው ይለጠጣል፣ ስትለቀው ይመለሳል። ከአንድ ነጥብ ካለፈ ግን ብትለቀውም አይመለስም። በወረቀት ላይ አንዲት መስመር ናት። የተገጨ በር ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታያቸዋለህ። የገባው ቦታ ሁሉ የተጎዳ አይደለም። አብዛኛው የገባው ጎረቤቱ ይዞት ነው። እውነተኛው ጉዳት ያለው ጠርዙ ላይ፣ ቀጭን መስመር መስላ በምትታየው እጥፋት ላይ ነው። እሷን በትንንሽ ምት ስትፈታት፣ ያ ሰፊ ጉድጓድ ማንም ሳይነካው ራሱ «ጧ» ብሎ ይወጣል። ጀማሪ መሃሉን ይደበድባል። ምስኪን መሃሉ ምንም ጥፋት የለበትም።

ከዚያ የሚብሰው መስፋቱ ነው። ክፉኛ የተመታ ላሜራ ይሳሳል፣ ስለሚሳሳም ይሰፋል። ዙሪያው ያለው ቦታ ግን ያው የድሮው ነው። መሄጃ ሲያጣ ይነፋል፤ በአውራ ጣት ስትጫነው እንደ ጣሳ ክዳን ገብቶ ስትለቀው ይወጣል። ይሄን በመዶሻ ብቻ አታርቀውም፤ መዶሻ ጭራሽ ያሰፋዋል። ጋሼ በአሲታሊን ነበልባል ሳንቲም የምታክል ቦታ ቀይ እስክትሆን ያግላሉ፣ ከስር ብረት ደግፈው ዙሪያዋን ቶሎ ቶሎ መታ መታ ያደርጋሉ፣ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ጭስስ። ሳይንሱ ያምራል። ብረት ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሲጨምር በርዝመቱ 0.7 በመቶ ያህል ማደግ ይፈልጋል። የጋለችው ነጥብ ግን ዙሪያዋ ቀዝቃዛ ላሜራ ነው፤ አያሰፋትም። ስለዚህ በራሷ ላይ ትወፍራለች። ስትቀዘቅዝ ከበፊቱ ጠብባ ትቀመጣለች፣ ዙሪያዋንም ወደ ራሷ ትስባለች። እንደዚህ አሥር አሥራ አምስት ቦታ ሲደረግ የተነፋው ይረጋል።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ «ወደ ነበረበት መመለስ» የሚባል ነገር የለም። ቅርጹ ነው የድሮው። ብረቱ የተመታበት ቦታ ሳስቷልም ጠንክሯልም፤ የጋለበት ቦታ ደግሞ ወፍሯል። የድሮውን ቅርጽ ያገኘነው ሁለተኛ ጉዳት አስልተን በመጨመር ነው። ተጣልተው የታረቁ ሰዎች «እንደ ድሮአችን እንሁን» ሲባባሉ ስሰማ አሁን አሁን ይሄ ትዝ ይለኛል። እንደ ድሮው መምሰል ይቻላል፣ ደግሞም ደህና ሥራ ነው። ግን አዲስ ነገር ነው የተሠራው።

ስለዚህ «ምንም አይታይም» ስለ ቅርጹ እውነት ነው፣ ስለ ታሪኩ ግን ዝም ይላል። ዝምታው መቼ ነው ውሸት የሚሆነው?

ቮልሷን የሸጠልን ሰው «ኦሪጅናል ናት፣ እጅ አልነካትም» ብሎን ነበር። ቀለሟን ስንፍቅ ከሰማያዊው ስር ቢጫ፣ ከቢጫው ስር ነጭ መጣ። እጅማ በደንብ ነክቷታል። ከሁሉ በላይ ሁለት ቦታዎች ነበሩ።

አንደኛው ከግራ በር ስር ነው። ቮልስ እዚያ ጋ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ የላሜራ ሳጥን አላት። ከኋላ ካለው ሞተር የሞቀ አየር ወደ ፊት የሚያመጣው እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የገላዋ አጥንት ነው። እሱ ሲበሰብስ ገላዋ መሃሉ ላይ ይረግባል፣ በሩም አልገጥም ይላል። የኛዋ በስብሶ ነበር። የሆነ ሰው የዘይት ጣሳ ጠፍጥፎ ለጥፎበታል፣ በላዩ ጣት የሚያህል ስቱኮ ሞልቶበታል፣ በላዩ ቀለም። ስንፍቀው የጣሳው ጽሑፍ ሳይቀር ወጣ።

ሁለተኛው የቀኝ የኋላ ጎን ነው። ከውጭ ንጹሕ ነበር። ከውስጥ ግን፣ ምንጣፉን ስናነሳ፣ የመዶሻ ምቶች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርድረው አየን። አንድ ቁራጭ ላሜራ ተቆርጦ ገብቷል፣ ብየዳው ዙሪያውን ሳይቆራረጥ ሄዷል፣ ከውጭ በኩል ተሞርዷል፣ ስቱኮው ከካርቶን አይወፍርም። ጋሼ በባትሪ እያበሩ ብዙ ቆዩ። «ይሄን የሠራው ግራኝ ነው» አሉ በመጨረሻ። የምቶቹ አዘማመም ነግሯቸው ነው። ሰውየውን አያውቁትም፤ ምናልባት በሕይወት የለም። ግን አነበቡት።

ሁለቱም ከውጭ ምንም አይታይባቸውም ነበር። በአንድ ቀለም፣ በአንድ መኪና ላይ።

ጓደኛዬ ጣሳውን ሲያይ ነደደው። «ይኸው! ለዚህ ነው ሁሉም ይታይ የምለው» አለ። እኔ ግን እዚያ ላይ ነው ከራት ሮዱ ሐሳብ መራቅ የጀመርኩት። ስቱኮ አይደለም ጥፋቱ። አዲስ መኪና ራሱ ከፋብሪካ ንጹሕ ሆኖ አይመጣም፤ ዱሮ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የላሜራውን መገጣጠሚያ በእርሳስ ሞልተው፣ ሞርደው፣ ቀብተው ነበር የሚሸጡት። የጣሳውም ጥፋት ጣሳ መሆኑ አይደለም። ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ከአሮጌ ጣሳና በርሜል የተሠራ ምድጃ ሞልቷል፤ አንዳንዱ ላይ የዘይቱ ስም እስካሁን ይነበባል። ማንም ተታለልኩ አይልም። ያው ጣሳ ነው፤ ምድጃው ላይ ሆኖ የሚያስመስለው ነገር የለም፣ የሚጠበቅበትንም ይሠራል። ከበሩ ስር ሲገባ ግን አጥንት ነኝ እያለ ነው። ሰው ቤተሰቡን ጭኖ የሚሄደው ያንን አምኖ ነው።

መታየት ደግሞ በራሱ ሐቀኝነት አይደለም። ራት ሮድ ገበያ ላይ ዋጋ ሲያወጣ ምን መጣ መሰላችሁ? የውሸት ዝገት። ደህናውን ላሜራ እስከ ብረቱ ይፍቁና ኮምጣጤ፣ ጨውና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ቀላቅለው ይረጩበታል፤ ወዲያው የአርባ ዓመት ዝገት ይወጣዋል። በሩ ላይ ኖሮ የማያውቅ ጋራዥ ስም ይጽፉና ያረጀ እንዲመስል በብርጭቆ ወረቀት ያደበዝዙታል። ሁሉም ይታያል። የሚታየው ሁሉ ግን የፈጠራ ነው። እሺ፣ ለጨዋታ ከሆነ ምን ችግር አለው? ልብስም የተቀደደ ጂንስ እንገዛ የለ። ግን ያንን «እውነተኛው መኪና ይሄ ነው» ብሎ የሚሰብክ ሰው ከጣሳው ሰውዬ በምን እንደሚሻል ይንገረኝ። እሺ፣ በአንድ ነገር ይሻላል፤ የሱ ዝገት ማንንም አይገድልም።

እውነተኛው ዝገትም ቢሆን እንደሚወራለት አይደለም። «ብረቱ ራሱን ይግለጽ» ይባላል። የአልሙኒየም ዝገት ስስ ሽፋን ሆኖ ከስር ያለውን ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይላላጣል፣ ከስር አዲስ ብረት ይገልጥና እንደገና ይበላል። የሚያሳየው የመኪናውን ማንነት አይደለም፤ መኪናው እንዴት እንደሚያልቅ ነው። በላዩ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ስትቀባበት የምታስቀረው ዝገቱን ሳይሆን ቀለሙን ነው።

ጋሼ ይሄን በሳይንስ አልተናገሩትም። «ልጄ፣ ዝገት ማሳየት የሚያምረው ቀለም መግዣ ላለው ሰው ነው» አሉት ጓደኛዬን። እውነታቸውን ነው። የሚኒባስ ሹፌር ዝገቱን የሚሸፍነው ሊያታልል ብሎ አይደለም። የዛገ መኪና ይዞ ቤተ ዘመድ ፊት መቆም ያሳፍረዋል። ካሊፎርኒያ ያለው ሰው ድህነት የመሰለ መኪና የሚነዳው ድሃ ነው ብሎ የሚጠረጥረው ስለሌለ ነው። እዚህ ግን ዝገት ስታይል ሳይሆን ሰው ስላንተ የሚገምተው ነገር ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም አለ። በኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በሙያው ሲሰደብ ኖሯል። አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ለዚህ ነው። ባቲላሜ ከጣሊያን ቃል ጋር የመጣ ዘመናዊ ሙያ ነው፤ ኮፋኖውም፣ ፓራፋንጎውም፣ ስቱኮውም ከዚያው ናቸው። ግን አሮጌው ንቀት አብሮ ሳይሸጋገር አልቀረም። ሥራው የማይታይ፣ ሠሪውም የማይታይ። ለጋሼ «ምንም አይታይም» ክብር ነው፤ በሙያው ውስጥ ያለው ትልቁ ክብር እሱ ስለሆነ። ጠባሳውን ተወው ስትላቸው ሥራህን አትጨርስ ማለትህ ነው። ጓደኛዬ ይሄ ገብቶት ስለ ብየዳው መከራከሩን ተወ።

ጣሪያዋን ቆርጦ የማሳጠሩን ሐሳብ ግን የገደለው ክብር አይደለም፣ ጂኦሜትሪ ነው። የቮልስ የፊት ምሰሶዎች ያዘነብላሉ። መሃል ላይ አምስት ሴንቲሜትር ቆርጠህ ጣሪያውን ብታወርደው የላይኛውና የታችኛው ጫፍ አይገናኙም፤ ወይ ጣሪያውን ከፍለህ ታረዝማለህ፣ ወይ ምሰሶውን ይበልጥ ታጋድመዋለህ። በዚያ ላይ መስታወት። ድርብርቡ የፊት መስታወት ይቆረጣል፤ በእሳት የጠነከረው የጎን መስታወት ግን ጫፉን ብትነካው እንደ ስኳር ይበተናል። ተውነው።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ እየተጠራቀመ ወደዚህ መጣ። የላይኛው ገጽ ቃል ይሰጣል። የቀኙ ጎን ገጽ «እዚህ ጋ ደህና ላሜራ አለ» ይላል፤ አለም። ያ ግራኝ ሰውዬ ምቱን ቢደብቅም ማንንም አላታለለም። እንዲያውም ከውስጥ በኩል አልሞላውም፣ አላለሰለሰውም። የውስጡ ፊት ለሚቀጥለው ባቲላሜ የተተወ ነው። የግራው ገጽም ተመሳሳይ ቃል ሰጥቶ ነበር፣ ከኋላው ግን ምንም የለም። ልዩነቱ መደበቁ ላይ ሳይሆን አንድ ሰው ሊደገፍ ሲመጣ የሚደገፈው ነገር መኖሩ ላይ ነው።

ይሄን ለጋሼ ስነግራቸው ተስማሙ። ቀጥለው ግን እስካሁን የሚያከራክረንን ነገር አመጡ።

ጓደኛዬ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄድ ነው፤ ቮልሷ መሸጥ አለባት፣ የቲኬቱ ገንዘብ ከሷ ነው የሚወጣው። ጋሼ የግራውን ሳጥን ጣሳውን አንስተው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው አውጥተው፣ በወፍራም ላሜራ አዲስ አጥፈው፣ በይደው ጨርሰውታል። አሁን በሩ በአንድ ጣት ይዘጋል። እኔ ደግሞ ሥራውን ከመጀመሪያው ፎቶ አንስቼ ነበር፤ ብስባሹን፣ ጣሳውን፣ ቀዳዳውን ሁሉ። ለገዢ እናሳየው አልኩ።

«ለምን?» አሉ ጋሼ። «ሠርቼዋለሁ። ከድሮው ይበልጣል። ሰው ታሞ ሲድን የበሽታውን ፎቶ አንገቱ ላይ ታንጠለጥልበታለህ? የሚጠይቅ ከመጣ እነግረዋለሁ። ሳይጠየቅ ምን አስለፈለፈህ?»

ይሄ ቀላል ክርክር አይደለም። ታስሮ የወጣ ሰው ሥራ ፍለጋ በሄደ ቁጥር ፋይሉ ቀድሞት የሚገባ ከሆነ፣ መታረሙ ምን ጠቀመው? ለተጠገነ ነገር ታሪኩን የዕድሜ ልክ ቅጣት ማድረግ ግፍ ነው። በዚያ ላይ ዋጋው ይወርዳል፤ የሚወርደው ደግሞ ጥፋት ከሠራው ከጣሳው ሰውዬ ኪስ ሳይሆን ከጓደኛዬ ነው።

ግን «የሚጠይቅ ከመጣ» የሚለው አልዋጥ አለኝ። ለመጠየቅ እኮ ማወቅ ይጠይቃል። ጋሼ የመኪና ውስጥ ያነባሉ፣ ገዢው አያነብም። ሰው መኪና ሲገዛ በጣቱ አጥንት ኳ ኳ ያደርጋል፣ የገባው ማግኔት ይዞ ይመጣል፣ ሊብሬውን ያያል። ሊብሬ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይነግረዋል፤ ከበሩ ስር ምን እንደነበረ አይነግረውም። መኪና እዚህ አገር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። በያንዳንዱ ዝውውር ዝምታው ትንሽ ትንሽ ይጨምራል።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይሄኛው ጋሼንም ያሳሰባቸው ይመስለኛል። የተዘጋ ሳጥን ስትበይድ ከውጭ ትቀባዋለህ፤ የብየዳው ጀርባ ግን ውስጥ ነው። ሙቀቱ እዚያ የነበረውን መከላከያ ያቃጥለዋል፣ ብሩሽ ደግሞ አይደርስበትም። ዝገት እንደገና ቢጀምር የሚጀምረው እዚያው፣ ከውስጥ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በየዓመቱ በቀዳዳው ዘይት መርጨት። ይሄን ለማድረግ ግን ቦታውን ማወቅ አለብህ። ፎቶውን የማሳየው እንደ ኑዛዜ አይደለም፤ ጥፋቱ የማናችንም አይደለም። መኪናዋን ከኛ በኋላ የሚንከባከባት ሰው የት ጋ እንደሚያይ እንዲያውቅ ነው። ታሪክን ለመክሰስ መጠቀምና ለመንከባከብ መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጋሼ የፈሩት የመጀመሪያውን ነው፣ በትክክልም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰው መጣ፣ በቅርቡ ያገባ፣ ከሚስቱ ጋር። ሚስቱ ሰማያዊውን ወዳዋለች (አዎ፣ በመጨረሻ ቀባናት፤ ጋሼ አሸነፉ)። ሰውየው እየዞረ አየ፣ በመዳፉ ዳበሰ፣ «ምንም አይታይም» አለ። ጓደኛዬ ወደኔ አየ። ፖስታውን ከሊብሬው ጋር ሰጠሁት። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠ፣ ጣሳው ላይ ሲደርስ ቆየ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ጽፌበት ነበር፦ «ከግራ በር ስር። ክረምት ሲወጣ፣ ከምንጣፉ ስር ባለችው ቀዳዳ፣ ዘይት።» ጋሼ ሳይጠየቁ ጎንበስ ብለው ቀዳዳዋን በጣታቸው አሳዩት።

ካሰብነው ያነሰ ዋጋ ጠራ። ጓደኛዬ አስቤ እደውላለሁ አለው። እስካሁን አልደወለም፤ ቲኬቱም አልተቆረጠም።